ካሸሯ ጉድለት በዝቶባታል፣ ፊቷም ጠቁሯል፤ ሥራ አስኪያጅ ምን ያድርግ?

ጥያቄ፦ «አዳማ ውስጥ የአንድ ባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ነኝ። 19 ሠራተኞች አሉኝ። ከካሸሮቼ አንዷ፣ አምስት ዓመት አብራኝ የሠራች ጎበዝ ልጅ፣ ከፋሲካ ወዲህ ተለውጣብኛለች። ታረፍዳለች፣ ከሰው ጋር ምሳ መብላት ትታለች፣ ደንበኛ ፊት እንባዋ ይመጣል። በሁለት ወር ሦስት ጊዜ ጎድሎባታል፤ የመጨረሻው ድፍን 10,000 ብር ነው። ከደመወዟ እየተቆረጠ ነው። እሷ ‹ምንም አልሆንኩም፣ ጨጓራዬ ነው› ትላለች። ቤተሰቦቿ ፀበል ሊወስዷት ይፈልጋሉ። አንድ ቀን ለጓደኛዋ ‹ተኝቼ ባልነቃ ደስ ይለኛል› ማለቷንም ሰምቻለሁ። እኔ ወንድ ነኝ፤ እንዴት እንደማናግራት ግራ ገብቶኛል። የሰኔ መዝጊያ ደርሷል፣ ዲስትሪክቱ በየቀኑ የተቀማጭ ሪፖርት ይጠይቀኛል። ማስጠንቀቂያ ልጻፍባት ወይስ እረፍት ልስጣት? ለሌሎቹ ሠራተኞችስ ምን ልበላቸው? የአእምሮ ጤና ሥልጠና የሚሰጥ ሰው ላምጣ ብዬም አስቤአለሁ።»

ምላሽ፦

በጥያቄዎ መሃል ጣል አድርገው ያለፉት ነገር አለ፤ እኔ ከእሱ ልጀምር። «ተኝቼ ባልነቃ ደስ ይለኛል» ማለቷን ነው። ማስጠንቀቂያውም፣ እረፍቱም፣ የሰኔ መዝጊያውም ከዚህ በኋላ ይደርሳሉ።

እንዲህ የሚል ሰው ሁሉ ራሱን ሊያጠፋ ነው ማለት አይደለም። ድካም የሚያናግረው አለ፣ ተስፋ መቁረጥ የሚያናግረውም አለ። የትኛው እንደሆነ ከፊት አይነበብም፤ መጠየቅ ያስፈልጋል። ብዙ አለቆች እዚህ ላይ ይፈራሉ፤ «ያላሰበችውን አሳስባት ይሆን?» ይላሉ። በዚህ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ግን ፍርሃቱን አይደግፉትም። በቀጥታ መጠየቅ ያልነበረ ሐሳብ አይፈጥርም፤ ብቻውን ይዞት ለከረመ ሰው እንዲያውም ብዙ ጊዜ እፎይታ ነው።

ጥያቄው የግድ ከእርስዎ አፍ መውጣት የለበትም። ቅርንጫፉ ውስጥ «እትዬ» ብላ የምትጠራት፣ የምታከብራት ሴት ካለች እሷ ትሻላለች። ንግግሯን የሰማችው ጓደኛዋም ልትሆን ትችላለች። ብቻ ዙሪያ ጥምጥም አይሁን፦ «በጣም ሲከብድሽ መኖር ያስጠላሻል? ራስሽን ለመጉዳት ያሰብሽበት ጊዜ አለ?» መልሱ «አዎ» ከሆነ፣ በተለይ በምን እና መቼ የሚለውን ሁሉ አስባበት ከሆነ፣ ያን ቀን ብቻዋን አትሁን። እሷ የምትመርጠው የቤተሰብ ሰው ይጠራ፤ ሰው አብሯት ሆኖ በዚያው ቀን ወደ አዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ ድንገተኛ ክፍል ትሂድ። «ሂጂ ዕረፊ» ብሎ በባጃጅ ብቻዋን ወደ ቤት መላክ አይሆንም። ቤት ውስጥ ያለ መድኃኒትና የተባይ ማጥፊያ ከእጅ እንዲርቅም ለቤተሰቡ ይነገር። «ለማንም እንዳትናገሩብኝ» ብላ ብትለምን፣ በዚህ ጉዳይ ቃል አይገቡላት፤ «ለማይመለከተው ሰው አልናገርም፣ ሕይወትሽን ለማትረፍ ለሚያስፈልገው ግን እናገራለሁ» ማለት ይበቃል። መልሱ «ኧረ አይደለም፣ ደክሞኝ ነው» ከሆነ እሰየው። ያኔም ቢሆን ከሳምንት በኋላ ጥያቄው ይደገም።

አሁን ወደ ማስጠንቀቂያው። እኔ ብሆን አልጽፍም። ማስጠንቀቂያ የሚጻፈው መሥራት እየቻለ ለማይሠራ ሰው ነው። አምስት ዓመት ሒሳቧን ስትዘጋ የኖረች ልጅ በሁለት ወር ሦስት ጊዜ ሲጎድልባት፣ የተለወጠው ጠባይዋ ነው ብዬ ለማመን ይቸግረኛል። የመጨረሻውን ጉድለት መጠንም ይመልከቱት። የባለ 200 ብር አንድ እስር፣ ማለትም 100 ኖት፣ 20,000 ብር ነው፤ የባለ 100ው እስር ደግሞ 10,000። አንዱን በሌላው ቦታ አሳስቶ የሰጠ ካሸር የሚጎድልበት ልክ ድፍን 10,000 ነው። ይህ ማስረጃ አይደለም፤ ማጣራቱ የካሜራና የኦዲት ሥራ ነው፣ እሱም በራሱ መንገድ ይቀጥል። ነገር ግን ሌሊቱን ሳይተኛ ያደረና ቀልቡ የተበተነ ሰው የሚሠራው ስሕተት ይህን ይመስላል። ሌባ ድፍን እስር አጉድሎ መስኮቱ ላይ ተቀምጦ አይጠብቅዎትም።

ከጽሑፍ ላይ ሕመም ለይቼ ልናገር አልችልም፤ እርስዎም ፊት ለፊት እያዩዋት ቢሆን መለየት ሥራዎ አይደለም። ሐኪም የሚፈልጋቸው ምልክቶች ግን ምስጢር አይደሉም። ቢያንስ ለሁለት ሳምንት፣ አብዛኛውን የቀኑን ክፍል ሐዘን ወይም ለነገር ሁሉ ፍላጎት ማጣት፣ ከዚያ ጋር እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ጉልበትና ትኩረት ሲታወክ፣ «ለምንም አልረባም» የሚል ስሜትና የሞት ሐሳብ ሲጨመርበት፣ ድባቴን ይጠረጥራል። እርስዎ ከጻፉልኝ ውስጥ ሦስት አራቱ አሉ፤ ከሁለት ሳምንትም እጅግ አልፏል። ስለዚህ ሐኪም ሊያያት ይገባል።

«ጨጓራዬ ነው» ማለቷን እንደ ውሸት አይውሰዱት። እኛ አገር ድባቴና ጭንቀት ሐኪም ቤት የሚደርሱት ብዙውን ጊዜ በሰውነት በኩል ነው፦ ጨጓራ፣ ራስ ምታት፣ የልብ መምታት፣ የእግር ማቃጠል፣ «ብርድ መታኝ»። ሕመሙ የእውነት ያማታል። ይህን በር ከመዝጋት ይልቅ ይጠቀሙበት። «እሺ፣ ጨጓራሽን ታዪ፤ ለሐኪሙ ግን እንቅልፍ ማጣትሽንም፣ ምግብ አለመብላትሽንም አብረሽ ንገሪው» ቢሏት ከ«አእምሮሽን ታከሚ» ይልቅ እግሯ ይሄድላታል። በዚያ መንገድ መሄዷ ሌላም ጥቅም አለው፤ ደም ማነስና የታይሮይድ እጢ መዛባት ድባቴን ስለሚመስሉ ሐኪሙ ደሟን መርምሮ እነሱንም ይለያል። ከዚያ ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል መላክ ካስፈለገ የሚልካት እሱ ነው። አብዛኛው እዚሁ አዳማ ይታከማል፤ ሐኪሙ ወደ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ሂጂ ካላትም በፈጣን መንገዱ አዲስ አበባ ሩቅ አይደለም።

ስለ ንግግሩ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ቅን አለቃ የሚሰናከለው እዚህ ነው።

ቦታው። መስታወት የሆነው ቢሮዎ አይሆንም። አሥራ ስምንት ሰው እያየ እንባዋ ከመጣ ያን ቀን ብቻ ሳይሆን ከዚያ በኋላም አታናግርዎትም። ካፌም አይሆንም፤ ወንድ ሥራ አስኪያጅ ከወጣት ሴት ሠራተኛ ጋር ብቻውን ካፌ ቢታይ አዳማ ውስጥ ወሬው ከቡናው ይቀድማል። የሰነድ ክፍሉ ወይም የስብሰባ ክፍሉ፣ በሩ ገርበብ ብሎ፣ ይሻላል። የምታምናት ሴት ሱፐርቫይዘር አብራ እንድትቀመጥ ከፈለገችም ምርጫው የእሷ ይሁን። ሰዓቱ ደግሞ ማታ ሒሳብ ሳይዘጋ አይሁን። ያን ጊዜ የተጠራ ካሸር የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርስዎም ያውቁታል።

አጀማመሩ። ያዩትን ይናገሩ፣ የጠረጠሩትን አይናገሩ። «ሰሞኑን ምሳ አብረሽን አትበዪም። ጠዋት ትዘገያለሽ። ሥራሽን አምስት ዓመት አውቀዋለሁ፤ ይሄ ያንቺ አይደለም። የጠራሁሽ ስለ ጉድለቱ ላወራሽ አይደለም። እንዴት ነሽ?» ከዚያ ዝም ይበሉ። የመጀመሪያው መልስ የታወቀ ነው፤ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» ብዙ ሰው እዚህ ላይ «እንግዲያስ ጎበዝ!» ብሎ ይነሳል። አይነሱ። ቀጥለው «እንቅልፍስ?» ይበሏት። ስለ እንቅልፍ መጠየቅ ማንንም አያሳፍርም፤ «ደክሞኛል» ማለት ውርደት የሚመስለው ሰው እንኳ «ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ነቅቼ ነው የማድረው» ለማለት አይቸገርም። እኔ ከማውቃቸው ጥያቄዎች ሁሉ ሰውን በትንሽ ዋጋ የሚያስከፍተው ይሄ ነው።

ስታወራ ሦስት አራት የለመድናቸውን ነገሮች ዋጥ ያድርጉ፦ «አንቺ ምን ጎደለሽ፣ ደመወዝ አለሽ»፣ «ካንቺ የባሰ አለ»፣ «ጠንከር በይ»፣ «ጸልዪበት»። የመጨረሻው በራሱ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ከአለቃ አፍ ሲወጣ «ከዚህ በኋላ አታስቸግሪኝ» ስለሚመስል ነው። «አይዞሽ» ግን ይባል፤ ከሰሙ በኋላ። የቤት ጉዳይ፣ የብድር ጉዳይ፣ የፍቅር ጉዳይ ከወጣ ደግሞ ሽማግሌ ለመሆን አይቸኩሉ። እርስዎ ሊያስተካክሉት የሚችሉት ሥራውን ነው፤ እሱ በደንብ ሰፊ ነው።

ሥራውን በተመለከተ የምመክርዎ ከመስኮት እንዲያነሷት ነው፤ ለአራት ወይም ለስድስት ሳምንት፣ የሚከለስበት ቀን ተቆርጦለት። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እንቅልፍ ሲጠፋ ትኩረት ይጠፋል፣ ትኩረት ሲጠፋ ብር ይጎድላል፣ ሲጎድል ከደመወዝ ይቆረጣል፣ ሲቆረጥ ሐሳቡ ሌሊቱን እንቅልፍ ይነሳል። ሐኪሙ የሚሠራው እንቅልፉና ስሜቱ ላይ ነው፤ ከብሩ የሚለያት ግን እርስዎ ብቻ ነዎት። የአካውንት ፋይል ማጣራት፣ የደንበኛ መረጃ ማሟላት፣ የሞባይል ባንኪንግ ምዝገባ፤ ቅርንጫፍ ውስጥ የተጠራቀመ ሥራ መቼም አይጠፋም። አንድ ነገር አስቀድመው ይፍቱ፦ ለካሸር የሚከፈለው የጉድለት አበል ከመስኮት ስትነሳ ሊቀር ይችላል። ይህን ከደመወዝ መክፈያ ወረቀት ላይ ስታየው እንደ ቅጣት ትቆጥረዋለች። ከመዛወሯ በፊት በግልጽ ይንገሯት፤ ከተቻለ አበሉ ለዚያ ጊዜ እንዲቀጥል ለዲስትሪክቱ ይጻፉ። ዝውውሩም የእሷ ስምምነት ያለበት ይሁን። «ከነገ ጀምሮ ፋይል ክፍል ነሽ» የተባለ ሰው ተገፋሁ ይላል፤ «የትኛውን ብትሠሪ ይቀልሻል?» የተባለ ሰው ግን ገና ሠራተኛ ነው።

ቀድሞ የጎደለውስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 59 ይረዳዎታል። ከደመወዝ የሚቆረጠው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ሲፈቀድ ነው፤ ተደማምሮም ቢሆን በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዝ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ያሁኑ አቆራረጥ ከዚህ አልፎ እንደሆነ ይፈትሹ። ባያልፍም ጊዜውን አርዝሞ መጠኑን ዝቅ ማድረግ ይቻላል። የቤት ኪራይ ከፍላ ምን እንደሚተርፋት ያስሉት። ለእኔ ይህ የፋይናንስ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሕክምናው ግማሽ ነው።

እረፍትን በተመለከተ፣ ሐኪም ካዘዘ ያለ ክርክር ይሰጣታል። አዋጁ የአእምሮና የሰውነት ሕመምን አይለይም። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወራት ውስጥ፣ በተከታታይም ሆነ በተለያየ ጊዜ፣ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ አለው፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ያለ ክፍያ። የሐኪም ማስረጃ ያስፈልጋል። ማስረጃው በታሸገ ፖስታ ለሰው ሀብት ይሂድ፤ የሕመሙን ስም ካሸሮቹም፣ ጥበቃውም፣ እርስዎም ማወቅ አያስፈልጋችሁም። ሐኪም ሳያዝ «ለአንድ ወር ሂጂና ተኚ» ማለትን ግን አልወድም። ድባቴ ያለበት ሰው ክፍሉን ዘግቶ ብቻውን ሲውል ብዙ ጊዜ ይብስበታል። ተነስቶ መልበስ፣ ከሰው ጋር ሰላም መባባል፣ ቀላል ሥራ ጀምሮ መጨረስ ራሱ ይረዳል። የቀለለ ሥራና የሕክምና ቀጠሮ አንድ ላይ፣ ለብዙ ሰው፣ ከረጅም ፈቃድ ይሻላል።

መድኃኒት ከጀመረች ሁለት ነገር ይወቁ። የድባቴ መድኃኒት ዛሬ ተውጦ ነገ አይሠራም፤ ለውጡ መታየት የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በሁለተኛው ሳምንት «ይኸው ምንም አልተሻላትም» የሚል አለቃ ሳያውቀው መድኃኒቱን ያስተዋታል፤ ያለ ሐኪም ምክር በድንገት ማቆም ደግሞ ሌላ ችግር ያመጣል። ሁለተኛው፣ እዚህ በብዛት ከሚታዘዙት አንዱ የሆነው አሚትሪፕቲሊን ጠዋት ላይ ያደነዝዛል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ዓይኗ ከብዶ ቢያዩ ስንፍና አይደለም። መግቢያዋን ወደ 3 ሰዓት ማድረግ፣ ወይም የሥራ ሰዓቷን ለሐኪሙ እንድትነግረው መምከር ይቻላል። እንደ ፍሎክሰቲን ያሉ ሌሎች አማራጮች አሉ፤ ምርጫው የሐኪሙ ነው።

ፀበሉን በተመለከተ፣ ጎራ አይለዩ። ቤተሰቧ ሊወስዳት ከፈለገና እሷም ከፈቀደች፣ ዓመታዊ ፈቃዷን ወስዳ ትሂድ። ሙስሊም ሠራተኛዎ ዱዓ ላስደርግ ቢልዎትም መልሱ ያው ነው። ሐኪም ፊት የሚቀርበው ጥያቄ «ፀበል ወይስ መድኃኒት» ሳይሆን «መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ እንዴት እናድርግ» ነው። ሁለቱን አብረው የሚያስኬዱ ብዙ ታካሚዎች አሉ። የእርስዎ ድርሻ ሦስት ቃል ነው፤ «መድኃኒትሽን ይዘሽ ሂጂ።» እምነቷን ያቃለለ አለቃ ካሸሯን ብቻ ሳይሆን ቤተሰቧንም ከሕክምናው ያርቃል።

እስካሁን ያልኩት ስለ አንዲት ልጅ ነው። ጥያቄዎን ደጋግሜ ሳነብ ግን አንድ ነገር ይቆረቁረኛል፤ ሌሎቹ ካሸሮችስ? የቅርንጫፎችን የሥራ ቀን ስለማውቀው ልገምት። ካሸር ጠዋት ከካዝና ብር ተረክባ ትቀመጣለች። ወረፋው በሩ ድረስ ነው። ሲስተም ሲቋረጥ የሚሰደበው ኔትወርኩ ሳይሆን እሷ ናት። ሽንት ቤት ለመሄድ መስኮት መዝጋት አለባት፤ መስኮት ስትዘጋ ወረፋው ይጮኻል፤ ስለዚህ ውኃ አትጠጣም። ማታ ሒሳብ አልዘጋ ካለ ሁሉም ሰው እስከ 1 ሰዓት ተኩል ይቆያል፣ ያ ሁሉ ዓይን ደግሞ የጎደለባት ላይ ነው። በዚህ ላይ የቴሌግራም ግሩፑ አለ፤ ማን ስንት አካውንት አስከፈተ፣ ማን ስንት ተቀማጭ አመጣ፣ ከታች ያለው ስም በቀይ።

አሜሪካዊው ሮበርት ካራሴክ እ.ኤ.አ. በ1979 ያቀረበው ሐሳብ ዛሬም ይሠራል፦ ሰውን የሚጎዳው የሥራው ብዛት ብቻ ሳይሆን፣ ብዙ ተጠይቆ በአሠራሩ ላይ ምንም የመወሰን ዕድል ማጣት ነው። የካሸር ሥራ በዚህ መለኪያ ከክፉዎቹ መካከል ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 በሥራ ተሟጦ ማለቅን ሲተረጉም፣ በሽታ ሳይሆን በአግባቡ ያልተያዘ የከረመ የሥራ ጫና የሚያስከትለው የሥራ ቦታ ክስተት ነው ብሎታል። ያልያዘው ማን እንደሆነ አልጻፈም፤ እርስዎና እኔ ግን እናውቃለን።

ታርጌቱን እርስዎ አላወጡትም፤ እሱን መሠረዝም አይችሉም። ታርጌቱ ከዲስትሪክት ወደ ካሸር ሲወርድ የሚያልፈው ግን በእርስዎ በኩል ነው፣ በምን መልክ እንደሚያልፍ ይወስናሉ። የቴሌግራሙን ደረጃ ዛሬውኑ ያቁሙት። የቅርንጫፉ ድምር ይለጠፍ፤ የግለሰቡ ውጤት ለግለሰቡ ይነገር። ሰው ፊት ተዋርዶ ተቀማጭ የጨመረ ሠራተኛ አላየሁም፤ የዘመዱን ብር ለምኖ አስገብቶ በሳምንቱ የሚያስወጣ ግን ብዙ ነው። ጠዋትና ከሰዓት አሥር አሥር ደቂቃ መስኮት የሚዘጋበት ተራ ይኑር፣ ተራውን ካሸሮቹ ራሳቸው ያውጡት። ደንበኛው የተጻፈ ነገር ካየ ይታገሣል፤ «ይህ መስኮት በ4፡20 ይከፈታል» የሚል ወረቀት ይበቃል። ማታ ሲጎድል ካሸሯና አንድ ሱፐርቫይዘር ብቻ ቆይተው ይፈልጉ፣ ሌላው ወደ ቤቱ ይሂድ። የትርፍ ሰዓትም ገደብ አለው፤ በአዋጁ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። የሰኔ መዝጊያ ይህን አይሽረውም።

ሥልጠናውን በተመለከተ፣ አዳማ የሥልጠናና የስብሰባ ከተማ ናት፤ አዳራሽም አሠልጣኝም አያጡም። ሠራተኛውን ቅዳሜ ከሰዓት ሆቴል ሰብስቦ «ጭንቀትን ስለ መቋቋም» ማስተማር፣ ሰኞ ጠዋት ያው ወረፋና ያው የቴሌግራም ደረጃ ከጠበቀው፣ ብዙ አይጠቅምም፤ አንዳንዱ ሠራተኛ እንዲያውም «ጥፋቱ የናንተ ነው ተባልን» ብሎ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው መመሪያ የሥራውን አደረጃጀት ማስተካከልንና አለቆችን ማሠልጠንን ይመክራል። የአለቆች ሥልጠና ዓላማ ሐኪም እንዲሆኑ አይደለም፤ የተቸገረን ሠራተኛ ለይተው፣ አድምጠው፣ ወደሚረዳው ቦታ እንዲመሩ ነው። ስለዚህ ትንሽ በጀት ካለዎት በራስዎና በሱፐርቫይዘሮቹ ይጀምሩ። ሠራተኛውን ሁሉ የሚመለከት ነገር ካማረዎት መስከረም 30 የዓለም የአእምሮ ጤና ቀን ነው፤ እስከዚያ ተራውና ቴሌግራሙ ከተስተካከሉ ያን ቀን የሚነገረው ነገር ይታመናል።

ዲስትሪክቱን ለማሳመን የዓለም አኃዝ አለ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የሥራ ድርጅት በድባቴና በጭንቀት ምክንያት በዓመት 12 ቢሊዮን የሥራ ቀን እንደሚጠፋ፣ በምርታማነትም 1 ትሪሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚያከስር ይገልጻሉ። ግን በግልጽ ልንገርዎት፤ የዲስትሪክት ሥራ አስኪያጅን ትሪሊዮን አያንቀሳቅሰውም። የራስዎን ቅርንጫፍ አንድ ገጽ ይዘው ይሂዱ፦ ባለፉት ስድስት ወራት ስንት ጊዜ ጎደለ፣ ስንት የሕመም ቀን ተወሰደ፣ ስንት ሰው ለቀቀ፣ በአንድ መስኮት በቀን ስንት ሰው ይስተናገዳል። ከጎኑ የሚጠይቁትን ይጻፉ፤ አንድ ተጨማሪ ካሸር ለሰኔ፣ ወይም ከሌላ ቅርንጫፍ በውሰት። «ሠራተኞቼ ተጨንቀዋል» ከሚል ደብዳቤ ይልቅ ይህ ወረቀት መልስ ያገኛል።

እርስዎም ከዚያው ዲስትሪክት ስልክ ሥር ነዎት። ሌሊት የሚነሱ፣ ጠዋት ቤተሰብ ላይ የሚቆጡ ከሆነ፣ ለካሸሯ ያልኩት ሁሉ ለእርስዎም ይሠራል፤ ሐኪም ቤቱም ያው ነው። ለጊዜው ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ለሠራተኛ መልእክት መላክ ያቁሙ። የሚላክልዎትን ማቆም ባይችሉም የሚልኩትን ይችላሉ።

የመጨረሻው ጥያቄዎ፣ ለሌሎቹ ምን ልበላቸው የሚለው ነው። ትንሽ ይበሏቸው። ምንም ካልተነገራቸው ራሳቸው ይሞሉታል፤ «ሰርቃ ነው» የሚልም፣ «ነካ አድርጓታል» የሚልም ይመጣል። ሁለተኛዋን ቃል ሻይ ክፍል ውስጥ ከሰሙ ተናጋሪውን ለብቻ ጠርተው ይምከሩት፤ ሰው ፊት ካቆሙት ግን ወሬው ይባዛል። ጠዋት በር ከመከፈቱ በፊት ለሁሉም የሚነገረው ይህን ያህል ይሁን፦ «እሷ ለጥቂት ሳምንታት ከመስኮት ወደ ውስጥ ሥራ ተዛውራለች። መስኮቷን በተራ እንሸፍናለን፤ ተራው ይኸውና፣ የማይመቸው እስከ ነገ ይንገረኝ። ምክንያቱ የእሷ ነው። እናንተም አንድ ቀን ሲከብዳችሁ እንደዚሁ አደርጋለሁ።» ይህን ከመናገርዎ በፊት ግን ቃሉን ለእሷ ያሰሟት፤ «ነገ እንዲህ ብዬ ልናገር ነው፣ የሚቀየር አለ?» ይበሏት። የምትቀይረው ካለ ይቀይሩት።